ከዛቢያው የሚወልቅ ብረት



በኢያሪኮ ቆላ፣ በተምር ዛፎቻችን መካከል የሚያገለግለውን ትራክተር ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ ከፊቱ ያለው የአፈር መዛቂያ ባኬት አያያዙ ተለውጧል። የተለወጠው ብረት ነው፤ ነገሩ ግን የሰውን ጉልበትና ሕይወት ይነካል። ስለዚህ ዕድሜውን በመጻሕፍት ትርጓሜ የፈጀ መነኩሴ ስለ ትራክተር ምን አገባው እንዳትሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የቀድሞው አያያዝ እንዲህ ነበር። ባኬቱ ከሎደሩ ሁለት ክንዶችና ከሁለቱ የሃይድሮሊክ ሲሊንደሮች ጋር በ4 ወፋፍራም ፒኖች ተሰክቶ ይኖራል። እርሱን አውርዶ በምትኩ የፓሌት ማንሻ ሹካውን ለመስቀል፣ 4ቱን ፒኖች በመዶሻ እየመቱ ማውጣት፣ ከዚያም የክንዱን ቀዳዳ ከሹካው ቀዳዳ ጋር በብረት ዘንግ እየጎተጎቱ ማስተካከል ያስፈልግ ነበር። ቀዳዳው እስኪገጥም ድረስ ጣት በመካከል ይገባል፤ ሥራውም ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ድካም ነው። ስለዚህ ሹካው ግድግዳ ተደግፎ ሲዝግ፣ በፓሌት የመጣው ዱቄትና ሲሚንቶ በአባቶች ትከሻ ይጋዝ ነበር። በዚህ አገር ዝናቡ የሚወርደው በጥምቀት ሰሞን ነውና፣ የጨቀየ መንገድ ላይ ጠጠር ለማፍሰስ ባኬቱ፣ የተሳላሚውን የመጠጥ ውኃ ለማንሣት ደግሞ ሹካው በአንድ ቀን ይፈለጋሉ።

ጉዳዩ በማኅበር በተነሣ ጊዜ አንድ አረጋዊ አባት፣ «እየሠራ ያለ ብረት ምን ጎደለውና ገንዘብ እናወጣለን?» አሉ። ቃላቸው የንፉግ ቃል አልነበረም፤ ገንዘቡ ከምእመናን መቀነት የተፈታ ስለት መሆኑን አስበው ነው። ሌላው አባት ግን፣ «የሰባ ዓመት ሽማግሌ ወገብስ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ስለት አይደለምን?» ብለው መለሱ። በመጨረሻም አዲስ ባኬት መግዛቱ ቀርቶ አሮጌው እንዲሻሻል ተወሰነ።

በያጁ አስቀድሞ የፒኖቹን ውፍረት፣ በክንዶቹ መካከል ያለውን ስፋት፣ በታችኛውና በላይኛው ፒን መካከል ያለውን ርቀት ለካ። በነዚያው 4 ፒኖች ከክንዶቹ ጋር ለዘወትር የሚቀር የማያያዣ ገበታ ተተከለ። የባኬቱ አሮጌ ጆሮዎች ተቆርጠው፣ በጀርባው ላይ ከላይ የገበታውን ጠርዝ የሚቀበል ከንፈር፣ ከታች ሁለት ቀዳዳዎች ያሉት ወፍራም ብረት ተበየደ። ቀለሙና ዝገቱ አስቀድሞ ተፍቆ ነበር። የትራክተሩ ባትሪ ተነቅሎ፣ ባኬቱ በገበታው ላይ እንደተሰቀለ በነጥብ ብየዳ ተያዘ፤ መግጠሙ ከተረጋገጠ በኋላ ወርዶ ሙሉ ብየዳው ተፈጸመ። ይህ አያያዝ አይሶ 24410 የተባለ ዓለም አቀፍ ልክ ስላለው፣ በዚሁ ልክ የተሠራ ሌላ መሣሪያም ይገጥማል።

ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልመጣም። ገበታው ራሱ ክብደት አለው፤ ባኬቱንም ከክንዶቹ ጫፍ ወደ ፊት ይገፋዋል። ሸክም በራቀ ቁጥር ይከብዳልና፣ ሎደሩ ዛሬ የሚያነሣው ቀድሞ ከሚያነሣው ያነሰ ነው።

አሁን ባኬቱን በሹካ መለወጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኗል። ሾፌሩ የገበታውን ጠርዝ ከከንፈሩ ሥር አስገብቶ ጥቂት ያነሣል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርድና ሁለቱን እጀታዎች ይቆልፋል። ያን ጊዜ የሽብልቅ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ፒኖች ወደ ታችኞቹ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ነገር ግን ጭቃ ወይም ጠጠር ቀዳዳውን ከደፈነው ፒኑ በሚገባ ሳይገባ ይቀራል። ባኬቱ በላይኛው ከንፈር ብቻ ተንጠልጥሎ ይነሣል፤ ለሚያየው የተያያዘ ይመስላል፤ ዘንበል ሲል ወይም ሲናወጥ ግን ይወድቃል። ፈጥኖ የሚያያዝ ነገር ፈጥኖም ይለያያል።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 እንጨት ሊቆርጥ ከባልንጀራው ጋር ወደ ዱር ስለ ሄደ ሰው ይናገራል፤ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። ሕጉ ጥላቻ ያልነበረበትን ሰው የሚሸሽበት ከተማ ሰጥቶታል፤ የሞተው ባልንጀራ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ዳግመኛም በነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 6፣ ከኛ እርሻ በማይርቀው በዮርዳኖስ ዳር፣ የነቢያት ልጆች እንጨት ሲቆርጡ የተዋሱት የምሳር ብረት ወልቆ ከውኃ ገባ፤ ኤልሳዕም አንሳፈፈላቸው። በተአምራቱ እናምናለን። ሆኖም ተአምራቱ ዛቢያ ከማጥበቅ አያሰናብተንም፤ እዚያ ብረቱ የወደቀው ከውኃ ውስጥ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን በጥምቀት ሰሞን በትራክተሩ ዙሪያ ሕፃናት ይሮጣሉ።

ስለዚህ ማኅበሩ ሥርዓት ሠራ። እጀታው ከተቆለፈ በኋላ ሾፌሩ ሁለቱም ፒኖች ከቀዳዳው በታች ብቅ ማለታቸውን ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ያያል። ቀጥሎ ባኬቱን ዘንበል አድርጎ አፉን ከመሬት ጋር ይጫናል፤ በገበታውና በባኬቱ መካከል ክፍተት ከታየ እንደ ገና ይጀምራል። በተነሣ ባኬት ሥር ማንም አያልፍም። በጸደይ የተምሩን አበባ ለማዳቀል እንኳ ሰው በባኬት ተጭኖ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሰላል አለ።

እናንተም ተሳላሚዎች፣ ትራክተሩ ቆሞ አንድ መነኩሴ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ሲመለከት ብታዩ፣ ሰልፉ ቢረዝምም አታስቸኩሉት። ስለ እናንተ ሁለት ፒኖች እየተመለከተ ነውና።