ክራንቤሪ የጾም ነው!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንዲት ቀይ፣ ጠንካራና ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ክራንቤሪ ትባላለች። ስታዩዋት ቀጋ ትመስላለች፤ ስትቀምሷት ግን ኮሽምን ታስመሰግናለች። እኛ አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ በየዓመቱ እያየናት እናልፋት ነበር፤ ቤታችን የገባችው በጾም ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንክስጊቪንግ የሚውለው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24፣ አንዳንዴም 25 ማለት ነው። እንግዲህ አስሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለቱ በአንድ ቀን ዋሉ። በ2023 በዓሉ ጾሙን በሁለት ቀን ቀደመውና ተገላገልን። በ2024 እና በ2025 ግን ተርኪው ጾሙ መሃል ዘው ብሎ ገባ!

ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርባት የኪራይ ቤት አራት ነን። ሁለታችን እንጾማለን፣ አንዳችን አይጾምም፣ አንዳችን ደግሞ ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ይጾማል። በ2024 ላይ የአንዳችን እናት ለጥየቃ መጥተው ነበር (እኛ ማዘር ነው የምንላቸው)። ጎረቤታችንም አሉ፤ ልጆቻቸው ሩቅ ያሉ፣ በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት። በየበዓሉ የዱባ ፓይ ጋግረው ወደ እኛ ይመጣሉ።

ያን ቀን ማዘር ጠረጴዛውን ዞረው እያንዳንዱን ሰሃን «ይሄስ የጾም ነው?» እያሉ ጠየቁ። ድንቹ ቅቤና ወተት አለው። ፎሶሊያው ክሬም አለው። ለተርኪው ማጀቢያ የተሠራው ዳቦ በዶሮ መረቅ ርሷል። ፓይውማ እንቁላሉም ወተቱም ገብቶበታል። ጎረቤታችን አንድ ቁራጭ ቆርጠው አቀረቡ፤ ማዘር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ። ደግመው አቀረቡ፤ እምቢ። በሦስተኛው የጎረቤታችን ፊት ጠቆረ። እኛ «ጾም ነው፣ ሃይማኖት ነው» ብለን ብናስረዳም ሴትዮዋ ፓይውን በፎይል ሸፍነው ጥግ ላይ አስቀመጡት። ማዘርም ሽሯቸውን ለብቻቸው በሉ። እንግዳ ያመጣውን አለመቅመስ እሳቸውንም አሟቸዋል፤ ማታ ዕቃ ሲያጥቡ «ምን አለች? ቀፈፋቸው አለች?» ሲሉ ነበር።

በማግስቱ ነው ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ቀይ ነገር ልብ ያልነው። ማዘር ስትንቀጠቀጥ አይተው ተጠራጥረዋት ነበር፤ ጄሎ የሚባለው ጣፋጭ የሚረጋው ከከብትና ከአሳማ ቆዳና አጥንት በሚወጣ ጀላቲን መሆኑን ሰምተዋል። ልክ ናቸው። ክራንቤሪ ግን የምትረጋው በራሷ ነው፤ ፍሬዋ ውስጥ ፔክቲን የሚባል ነገር አለ፣ በስኳርና በኮምጣጣነቷ ታግዞ ያጠነክራታል። ከብት የለበት፣ እንቁላል የለበት። ንጹሕ የጾም ምግብ!

ለ2025ቱ በዓል ማዘር እንደገና መጥተው ስለነበር ረቡዕ ዕለት ጎረቤታችንን አስቀድመን ጠራናቸው። ሁለት ከረጢት ጥሬ ክራንቤሪ ይዘው መጡ። ማዘር ሰፌድ ላይ ዘርግተው እንደ ምስር መልቀም ጀመሩ። ጎረቤታችን ደግሞ አንዷን ፍሬ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጓት፤ ነጠረች! ደህናዋ ትነጥራለች፣ የተበላሸችው ጧ ብላ ትቀራለች። ፍሬዋ ውስጧ ባዶ ክፍሎች አሏት፣ አየር ነው የሚያነጥራት። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ቀይ ባሕር መስሎ የሚታየውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ክራንቤሪ ውሃ ውስጥ አትበቅልም፣ ለለቀማ ሲደርስ ማሳውን በውሃ ሞልተው ከሐረጓ ያራግፏትና ትንሳፈፋለች። ሁለቱ ሴቶች ቋንቋ ሳይኖራቸው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲለቅሙና ሲያነጥሩ ዋሉ።

ለነገሩ ይቺ ፍሬ የፈረንጅ አይደለችም። ዋምፓኖአግና ሌሎች የአገሩ ነባር ሕዝቦች ፈረንጅ ሳይደርስ በፊት ሲበሏት ኖረዋል፤ ከደረቀ ሥጋና ከሞራ ጋር ተወቅጣ ለመንገድ የምትያዝ ስንቅ ነበረች (ቋንጣና በሶ ተጋብተው አስቡ)። በማሳ መልማት የጀመረችው በ1816 አካባቢ ማሳቹሴትስ፣ ኬፕ ኮድ ውስጥ ነው። ሄንሪ ሆል የሚባል ሰው ነፋስ አሸዋ ያለበሰው ሐረግ የተሻለ እንደሚያፈራ ልብ ብሎ ነው አሉ። ዛሬ ከአሜሪካ ምርት ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከዊስኮንሰን ነው።

አሠራሯ ቀላል ነው። አንዱ ከረጢት 340 ግራም ነው። አንድ ኩባያ ውሃና አንድ ኩባያ ስኳር አፍልታችሁ ፍሬውን ትጨምራላችሁ። ጥቂት ቆይታ እንደ ፈንዲሻ ጧ! ጧ! ማለት ትጀምራለች፤ የሚረጭ ስለሆነ ክዳን ይኑር። አሥር ደቂቃ ይበቃታል። ያን ጊዜ ቀጭን ናት፣ አትደንግጡ፣ አውርዷት፤ ስትቀዘቅዝ ትረጋለች። እሳት ላይ እስክትወፍር ብትጠብቋት በማግስቱ ማንኪያ አታስገባም። ድስቱ ሽፋን የሌለው አልሙኒየም አይሁን፣ ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል።

ማዘር «ይሄ ሁሉ ስኳር ለማን ነው?» ብለው ሩቡን ቀነሱ። የውሃውን ግማሽ በብርቱካን ጭማቂ ለወጡ፤ ዝንጅብል፣ ሁለት ቅርንፉድና የተወቀጠ ኮረሪማ ጨመሩበት። ኮረሪማው ነው ነገሩን የለወጠው! በእኛ ፍርድ የቆርቆሮዋ ክራንቤሪ ከዚያ ወዲህ አበቃላት።

ሁለተኛውን ከረጢት ግን አልቀቀሉትም። አዚፋ ሊሠሩ ሎሚ አጡ፤ ጥሬውን እፍኝ ክራንቤሪ ደቀቅ አድርገው ከትፈው ከድፍን ምስሩ፣ ከሰናፍጩ፣ ከቃሪያውና ከሽንኩርቱ ጋር ለወሱት። ቀይ ነጠብጣብ ያለው አዚፋ! መልኩ እንግዳ፣ ጣዕሙ ግን የራሳችን። ጥሬዋ ከሎሚ ትመራለችና በዛ አታድርጓት።

ደግሞ ደስ ያለን የሰዓቱ ነገር ነው። አሜሪካኖቹ ይህን በዓል እራት ይሉታል እንጂ ብዙዎቹ የሚበሉት ከሰዓት በኋላ ነው። እኛም በዘጠኝ ሰዓት ጠረጴዛ ዘረጋን፤ እስከ ዘጠኝ የሚጾሙትም ደረሱ። ፈሳኪው ክራንቤሪዋን ተርኪው ላይ አፈሰሰ፣ ጾመኛው በድፎ ዳቦ በላት። ጎረቤታችን አዚፋውን ሁለት ጊዜ አነሱ። በዘንድሮው ፓያቸው ቅቤ አልነበረም፤ በአትክልት ዘይትና በኮኮናት ወተት ጋግረው ይዘውት መጥተዋል። ማዘር አንድ ጊዜ አይተውን «የጾም ነው?» አሉ፤ ነው አልናቸው። ጨረሱት።

ሌላ የምንነግራችሁ፤ ጥሬዋ ፍሬ የምትገኘው በወቅቷ ነው፣ ገና ካለፈ በኋላ ከመደርደሪያው ትጠፋለች። ስታገኟት ሁለት ሦስት ከረጢት ገዝታችሁ እንዳለች ፍሪዘር ውስጥ ክተቷት። ስትፈልጉ በረዶዋ ሳይቀልጥ በቀጥታ ድስት ውስጥ ትገባለች። የእኛ ፍሪዘር ውስጥ አራት አሉ፤ ማዘር ለዓቢይ ጾም ይሁን ብለው ነው የሄዱት።