ግልገሉን ዓባይ ተከትለን፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር



የታላቁ ዓባይ ምንጭ ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ሰዎች ከደጃችን ነው። ሰከላ ወረዳ፣ ግሽ ዓባይ። ይህችን ምንጭ ለማየት ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 እ.ኤ.አ. ባሕርና በረሃ አቋርጠው መጥተዋል። ከእኛ መካከል ግን ውኃው ወርዶ ጣና ሲገባ፣ ከጣናም ሲወጣ በዓይኑ ያየ ስንት ነው? አገር መጎብኘት የፈረንጅ ሥራ ይመስለናል። እኛ ለመንገድ የምንነሣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለሕክምና ወይም ለጉባኤ ነው። በአገልጋይ ቤት ደግሞ ይህ ይብሳል። አባት ብዙ ይጓዛል፤ ልጆች ግን የሚያውቁት ሻንጣውን ብቻ ነው።

በጥር 2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ተማሪዎች የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ ባለቤቴና እኔ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን ባሕር ዳርን ልንጎበኝ ከፍኖተ ሰላም ተነሣን። ባለቤቴ ለስብሰባ፣ እኔም ለሕክምና ወደዚያች ከተማ ተመላልሰናል፤ ያለ ጉዳይ፣ ለማየት ብቻ ስንሄድ ግን ያ የመጀመሪያችን ነበር። ልጆቹማ ጭራሽ አይተዋት አያውቁም። ትልቋ ልጃችን ያን ጊዜ 12ኛ ክፍል ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ አምስታችን በአንድ ገበታ የምንቀመጥበት ቀን እየጠበበ እንደሚሄድ ስለገባን ነው የቆረጥነው። ገንዘቡን ከወር አስቤዛችን ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀነስን ለአንድ ዓመት አጠራቀምን።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው

እግዚአብሔር በዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ወላጆች ቃሉን ለልጆቻቸው የሚያስተምሩበትን ቦታ ሲዘረዝር ቤትን ብቻ አልጠቀሰም፤ መንገድንም ጨምሯል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ጉዞ ይበልጥ ገባኝ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በቅጥቅጥ አውቶብስ ተሳፈርን። ማንኩሳ ስንደርስ ባለቤቴ የሐዲስ ዓለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” አነሣ። ትልቋ መጽሐፉን አንብባው ስለነበር የበዛብህ አገር እዚሁ፣ ከቤታችን አጠገብ መሆኑን ለታናናሾቿ እየተረከች ቡሬ ደረስን። የቡሬ በርበሬ የዚያን ሰሞን በየግቢው ተሰጥቶ ነበር፤ መሬቱ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል። ጢሊሊን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ በረታ፤ በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ተደርድሮ ይሸጣል። ከዚያ ዳንግላ፤ ከዳንግላ በኋላ ሜዳው እየሰፋ ሄደ።

ወተት ዓባይ ላይ ድልድይ ተሻገርን። ባለቤቴ “ይህ ከግሽ የሚመጣው ውኃ ነው፤ ግልገል ዓባይ ይባላል” ብሎ አሳያቸው። በጋ ስለነበር ውኃው ሳስቷል። ትንሹ ልጃችን ፊቱ ጨለም አለ፤ “ዓባይ ዓባይ የሚባለው ይሄ ነው እንዴ?” አለ። አባቱም “ግልገል ነው አልኩህ እኮ! ሲያድግ ከሰዓት በኋላ ታየዋለህ” አለው። መራዊ አካባቢ የቆጋ መስኖ ያረሰረሰውን ማሳ አየን። 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ መስኖ ነው፤ በጥር ወር እንዲያ የለመለመ እርሻ ማየት ለገበሬ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ እያልን ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ባሕር ዳር ገባን።

ምን እንይ? ምንስ እንተው?

ባሕር ዳር ሰፋፊ ጎዳናዎቿ በዘንባባ የተዋቡ ከተማ ናት። በ2002 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ለሰላም ከተሞች የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብላለች። ልጆቹ ባጃጁን፣ ሕንጻውን፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት አማራቸው። መካከለኛው ልጃችን በደብተር ጽፎ የመጣው ዝርዝር ደግሞ ረጅም ነበር፦ ጢስ ዓባይ፣ ዘጌ፣ በቤዛዊት ኮረብታ ያለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት፣ የሰማዕታት ሐውልት፣ ገበያው፣ ዩኒቨርሲቲው።

አልጋ ከያዝን በኋላ አምስታችን ተቀምጠን ተመካከርን። ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በበጋም ፏፏቴው ይቀጥናል፤ ቀረ። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። እዚያ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሕዝብ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በዓይኑ ይማርበት ነበር። ይህን የአባቶቻችንን ቅርስ ልጆቻችን በጥድፊያ ሳይሆን በእርጋታ እንዲያዩት ለማግሥቱ አቆየነው። ለመጀመሪያው ቀን ሐይቁን፣ ዓባይ ከጣና የሚወጣበትን ቦታና አንድ ጥሩ ራት መረጥን። መካከለኛው ትንሽ አኮረፈ፤ ጀልባ ሲያይ ግን ረሳው።

የደንገል መርከብ

ጣና በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከሚገቡበት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ያ ጠዋት የተሻገርነው ግልገል ዓባይ ነው። ጀልባችን ከዳር እንደራቀ ሁለት ሰዎች በታንኳ ሲያልፉ አየን። ትንሹ “ይሄ ከምን ተሠራ?” አለ። ባለ ጀልባው “ከደንገል ነው፤ ያው እዚያ ዳር የበቀለው” ብሎ አሳየው።

ደንገል! ሕፃኑ ሙሴ የተቀመጠበትን የደንገል ሣጥን በሰንበት ትምህርት ስንት ጊዜ ተምረውታል፤ በደጋው አገራችን ግን ደንገል ምን እንደሚመስል አይተው አያውቁም ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 18 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለው ምድር ሲናገር የደንገል መርከቦችን ያነሣል። ትንሹ ልጃችን ለብዙ ደቂቃ ታንኳውን በዓይኑ ተከተለው። ከዚያም “እማዬ፣ የሙሴ እናት ግን አልፈራችም?” አለኝ። በትምህርት ክፍል ውስጥ ጠይቆኝ የማያውቀው ጥያቄ ነው። “ፈርታለች፤ ግን አምና አስቀመጠችው” አልኩት።

ያን ጊዜ የባለቤቴ ስልክ ጮኸ። ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሰዎች ተጋጭተው እሱ እንዲያስታርቅ ይፈልጋሉ። ትልቋ ልጃችን ፊቷን ወደ ውኃው አዞረችና በቀስታ “አባዬ ስለ እኛ ሲጸልይ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ከእኛ ጋር ሲጫወት ግን ብዙም አላየሁም” አለች። ለእኔ ነው ያለችው፤ እሱም ሰማ። ለደዋዩ “ወንድሜ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፤ በጌታ ጸጋ ይችሉታል። እኔ ዛሬ ከልጆቼ ጋር ነኝ” አለና ስልኩን አጥፍቶ ለእኔ ሰጠኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትንሹ ውኃ ሲረጨው እሱም መልሶ ረጨው፤ ትልቋም ሳይታወቃት ሳቀች።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ቦታ ስንደርስ ባለ ጀልባው ሞተሩን ቀነሰ። ውኃው በጸጥታ ይሄዳል፤ ራቅ ብሎ የጉማሬ ጆሮና አፍንጫ ብቅ ይላል። ባለቤቴ ዘፍጥረት 2፥13ን አውጥቶ ስለ ግዮን እንዲያነቡ ሰጣቸው፤ ብዙ አባቶቻችን ግዮንን ዓባይ ነው እንደሚሉም ነገራቸው። ስብከት አልጨመረበትም። ትንሹ ግን በራሱ ጊዜ “ግልገሉ አደገ” አለ።

ማታ በሐይቁ ዳር ሙሉ ቆሮሶ ተጠብሶ ከአዋዜ ጋር ቀረበልን። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ሌሊቱን ሲደክሙ ላደሩት ደቀ መዛሙርት በባሕር ዳር ያዘጋጀው ምግብ ዓሣና እንጀራ እንደነበር አስታወስን። ስለ አገልግሎት ከመጠየቁ በፊት አበላቸው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴና እኔ ደጅ ተቀመጥን። ብዙ አላወራም፤ “ልጅቷ እንዲህ እንደምትስቅ አላውቅም ነበር” ብቻ አለ።

ለባለትዳሮች

ወገኖቼ፣ ቤተሰብ ይዛችሁ ከተማ ለማየት ስትነሡ ለመጀመሪያው ቀን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ፤ ምርጫውንም ልጆች ባሉበት አድርጉት። የጀልባውን ዋጋ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት መኖሩንም ጠይቁ። ስልኩ በማን እጅ እንደሚውል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጌታ ራሱ በማርቆስ 6፥31 ደቀ መዛሙርቱን ዞር ብለው እንዲያርፉ ሲጠራቸው የሚጠብቅ ሕዝብ አልጠፋም ነበር።

ያ መንገድ ዛሬ እንደ ያኔው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ የዓባይ ድልድይ ተመርቋል፤ በሌላ በኩል ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት ለብዙ ቤተሰብ ጉዞን የጭንቀት አድርጎታል። ትልቋ ልጃችንም ትምህርቷን ጨርሳ በሌላ ከተማ ትኖራለች። ስትደውል ግን አሁንም ስለዚያች ጀልባ ታነሣለች። ቀኑን “ለሚቀጥለው ዓመት” ብለን ብናሳድረው ኖሮ፣ የሚቀጥለው ዓመት የራሱን ነገር ይዞ ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ሩቅ ከተማ እስክትደርሱ አትጠብቁ። መንገዱ ካልተመቸ፣ ገንዘቡም ካልሞላ፣ ከሰፈራችሁ ዳር ያለው ወንዝ ይበቃል። ቆሎና ውኃ ያዙ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የሚጠይቁትንም ስሙ።

የከተማችን ስም የሰላም መንገድ ማለት ነው። ዘካርያስ በሉቃስ 1፥79 እግራችንን ወደዚያ መንገድ ስለሚያቀናው ጌታ ተናግሯል። እርሱ የምድራችንን መንገዶች በሰላም ይክፈት፤ በየቤታችሁም አብሮ መዋልን ይስጣችሁ። አሜን።