መደባለቅና መዋሐድ

እኛ እናቶች ከማለዳ እስከ ማታ ስንደባልቅ የምንውል ሰዎች ነን። ዱቄቱን ከውሃ፣ በርበሬውን ከቅመም፣ ሳሙናውን ከሙቅ ውሃ እንቀላቅላለን። ታዲያ መቀላቀል ሁለት ዓይነት ውጤት እንዳለው እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያወቅሁትም በገዛ ስሕተቴ ስለሆነ፣ ሌላዋ እናት በእኔ ትማር ዘንድ ላጫውታችሁ።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ለፈተና ስታጠና፣ «እማዬ፣ የድብልቅና የውህድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም መጸዳጃ ቤቱን ለማጠብ እጅጌዬን ሰብስቤ ስለነበር፣ «ያው ሁለቱም መቀላቀል ነው» ብያት አለፍኩ። ከዚያም በረኪና አፈሰስኩ። እድፉ አልለቅ ሲለኝ ጊዜ፣ ሁለቱ ቢተባበሩ ይበልጥ ያጸዳሉ በማለት፣ ስም ባልተጻፈበት የውሃ ፕላስቲክ የገዛሁትን አሲድ ጨመርኩበት።

ወዲያው ፈሳሹ አረፋ ደፈቀ፤ የሚከረፋ ጋዝም ተነሣ። ዓይኔ በእንባ ተሞላ፤ ጉሮሮዬ ታነቀ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። ልጄ ሳሌን ሰምታ እየሮጠች ስትመጣ፣ «አትግቢ!» ለማለት እንኳ ድምፅ አልነበረኝም። እንደ ምንም ወጥቼ በሩን ዘጋሁት። ጤና ጣቢያ የተቀበለችኝ ነርስ ነገሩን ከሰማች በኋላ፣ «እትዬ፣ እርስዎ የደባለቁ መስሎዎት አዲስ ነገር ሠርተዋል» አለችኝ። ሳሉ ለቀናት አልለቀቀኝም።

በማግሥቱ ከልጄ ጋር ሆነን መጽሐፏን ገለጥን። ለካ ነገሩ በየጓዳችን ያለ ነው። ድብልቅ ማለት ነገሮች አንድ ላይ ሆነው ሳለ እያንዳንዱ የራሱን ባሕርይ እንደያዘ የሚቆይበት ነው። ምስርና ጠጠር ድብልቅ ነው፤ በሰፌድ አበጥረን እንለየዋለን። በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር ቢፈጭም፣ ምላስ እያንዳንዱን ያውቀዋል። ጨው በውሃ ሲሟሟ የጠፋ ይመስላል፤ ውሃውን አፍልተን ብንጨርሰው ግን ጨዉ ከድስቱ ሥር ይገኛል።

ውህድ ግን ሌላ ነው። በውህድ ውስጥ ንጥረ ነገሮቹ ተጣምረው የቀድሞ ባሕርያቸውን ይተዋሉ። ለዚህም ያው ጨው ምስክር ነው። ጨው ከሶዲየምና ከክሎሪን የተሠራ ነው። ሶዲየም ውሃ ሲነካው በኃይል የሚንቀለቀል ብረት ነው። ክሎሪን ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ የጀርመን ጦር በቤልጅየም ኢፕር አጠገብ ወታደሮችን የፈጀበት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲዋሐዱ በየቀኑ ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው ይሆናሉ! ይህን ወንፊትም ሆነ ሰፌድ አይለየውም።

እንግዲህ መዋሐድ መርዝን ምግብ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ንጥረ ነገሮች ጥምረታቸውን ሲለውጡ ማጽጃም መርዝ ይወጣዋል። በረኪና፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ውህድ በውሃ የተሟሟበት ድብልቅ ነው። በውሃ ብናቀጥነው ጉዳት የለውም። አሲድ ሲያገኝ ግን ያንኑ የጦር ሜዳውን ክሎሪን ይለቃል። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ወለል ላይ የሚጫወተው ማን እንደሆነ ለእናቶች መንገር አያስፈልገኝም።

ስለሆነም እህቶቼ፣ በረኪናን ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አትቀላቅሉ። አቼቶና ሎሚም አሲድ መሆናቸውን አትርሱ። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። በአንዱ ካጠባችሁ በብዙ ውሃ ሳታለቀልቁ ሌላውን አታንሡ፤ መስኮትም ክፈቱ። ምንነቱ ያልተጻፈበትን ፈሳሽ አትግዙ፤ በውሃ ፕላስቲክም አታስቀምጡ፤ የጠማው ሕፃን ሊጠጣው ይችላልና። ድንገት ጋዝ ቢነሣ ልጠርገው ሳትሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፤ ትንፋሽ ካጠራችሁም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ልጄ ፈተናዋን በደንብ ሠርታ መጣች። እኔ ግን ያን ቅዳሜ አስባለሁ። የልጅ ጥያቄ ሥራ የሚያስፈታ ይመስለን ይሆናል። ዳሩ ግን ያን ዕለት ባልዲውን አስቀምጬ አምስት ደቂቃ አብሬያት መጽሐፉን ባነብ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሳል ባልደረሰብኝ ነበር።