ሦስት ሆኖ የመጣ አንድ ሰው

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር መሆኗን የማያውቅ የለም። ቅኔ ደግሞ በየጊዜው አዲስ ይዘረፋል እንጂ የትናንቱ አይደገምም፤ ስለዚህም ያገራችን ሰው ተደጋግሞ የመጣ ቃል ሲሰማ ጆሮው ቶሎ ይነቃል። እኛ ግን ይህን ትምህርት ያገኘነው ከቅኔ ቤት ሳይሆን ከእህል ገበያ ነው።

ልጆች ሳለን አንድ የገበያ ቀን ከአባታችን ጋር ሁለት ጆንያ ጤፍ በአህያ ጭነን ወረድን። አንድ ጎረምሳ መጥቶ ዋጋ ጠየቀና «እርጥበት አለው» ብሎ ዝቅ ያለ ዋጋ ሰጥቶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው መጣ፤ እርሱም «እርጥበት አለው» አለ፤ የሰጠውም ዋጋ ያው ነበር። ሦስተኛው ሲመጣማ ቃሉን እኛው ቀድመን ልንነግረው ምንም አልቀረን። አባታችን ሳቅ አሉና «ልጆቼ፣ እነዚህ ሦስት ሰዎች አይደሉም፤ አንድ ሰው ናቸው» አሉን።

በምን እንዳወቁ ብንጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ለራሱ የሚገዛ ሰው ጤፉን ዘግኖ በመዳፉ ያሻል፣ እፍ ይላል፣ መቼ እንደተወቃ ይጠይቃል፤ ሄዶም ይመለስና ጥቂት ብር ይጨምራል። እነዚህ ግን ጤፉን አልነኩም፤ አንድ ብርም አልጨመሩም። ከኋላቸው አንድ ነጋዴ ተቀምጦ በአንድ ትእዛዝ ገበያውን ሁሉ ያስጠይቃል፤ ሻጩም ሦስት ሰው የሰጠው ዋጋ የገበያው ዋጋ ይመስለዋል።

የማዳበሪያ ዕዳ ነበረብንና አንዱን ጆንያ በዚያው ዋጋ ሸጡት፤ ሁለተኛውን መልሰን ጫንነው። ማወቃቸው ከዕዳው ባያድናቸውም ግማሹን እህል አዳነላቸው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም የገንዘብ ገበያዎች በሰው ፈንታ ስለሚገዙና ስለሚሸጡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ስናነብ፣ መለያ ምልክቶቻቸው የአባታችን ምልክቶች ዘመዶች ሆነው አገኘናቸው። ትልቅ ትእዛዝ እኩል እኩል ተቆራርጦ ይመጣል፤ ቁርጥራጩም ሰዓት እንደሚጠብቅ ሰው በልክ በልኩ ይወድቃል። የግዢ ጥያቄ ይቀርብና ሻጭ እጁን ሳይዘረጋ በቅጽበት ይነሣል። ብዙ የገዛውም ወዲያው ብዙ ሸጦ እጁ ላይ ምንም አይቀረውም።

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2010 በአሜሪካ የሆነውን እንመልከት። አንድ ድርጅት በአክሲዮን ዋጋ ላይ የተመሠረቱ 75,000 ውሎችን እንዲሸጥለት ፕሮግራም አዘዘ። ትእዛዙም ባለፈው ደቂቃ ከተገበያየው 9 በመቶ ያህሉን እየሸጠ እንዲሄድ ነበር፤ ዋጋውን ወይም ጊዜውን ተመልከት አላለውም። ፈጣኖቹ ፕሮግራሞች ደግሞ ውሎቹን እርስ በርሳቸው ይቀባበሉ ጀመር፤ በ14 ሴኮንድ ውስጥ ከ27,000 በላይ ሲገበያዩ በእጃቸው የጨመሩት 200 ያህል ብቻ ነበር። ሻጩ ፕሮግራም ግርግሩን እንደ ደራ ገበያ ቆጥሮ ሽያጩን አፋጠነ። በዕለቱ የዳው ጆንስ መለኪያ ወደ 1,000 ነጥብ ገደማ ዝቅ ካለ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ አብዛኛውን መለሰ። ተቆጣጣሪዎቹ ይህን ሁሉ የደረሱበት ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደገዛና እንደሸጠ መዝገቡን መርምረው ነው።

በርግጥ ምልክት ማስረጃ አይደለም። ሰውም በልማድ እኩል እኩል ሊገዛ ይችላል፤ ትእዛዝን መቆራረጥም ብቻውን ወንጀል አይሆንም። የሆነ ሆኖ አባታችን የጎረምሶቹን ፊት አይተው ነበር። በኮምፒዩተር ገበያ ፊት የለም፤ ያለው መዝገብ ብቻ ነው።

በእኛም አገር ፊት የሚታይበት ጊዜ ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ሲጀምር ገዢና ሻጭ በአንድ አዳራሽ ቆመው ዋጋ እየጮኹ፣ ሲስማሙም እጅ ለእጅ እየተማቱ ይገበያዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር መዛወር ጀመረ። ይህ ፕሮግራም ገዛ፣ ፕሮግራም ሸጠ ማለት አይደለም፤ ፊት ግን ከገበያው ወጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ነገ ከእኛ መካከል ሕግ አርቃቂ፣ ተቆጣጣሪና ጋዜጠኛ የሚሆን አይጠፋም። «ይህ የሒሳብ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ብለን የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ገሸሽ ማለት አይገባንም፤ ተደጋግሞ የመጣን ቃል መለየት የእኛም ትምህርት ነውና። ፊት በጠፋበት ገበያ መዝገቡ በፊት ፈንታ መቆም አለበት፤ መዝገቡም ተራው ሻጭ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ ይጻፍ። አለዚያ ጆንያውን ተሸክሞ የመጣው ገበሬ ሦስት ሰው ያነጋገረ እየመሰለው ከአንድ ሰው ጋር ሲከራከር ይመሽበታል።