ባሕር ዳር ሲደርሱ ፖሊን ሳያዩ አይመለሱ

አንባቢ ሆይ፤ የጎሐ ጽዮንን ቁልቁለት ወርደው፣ የደጀንን ዳገት ወጥተው ባሕር ዳር ሲገቡ ያገኙት ሰው ሁሉ ወደ ጣናና ወደ ጢስ ዓባይ ይመራዎታል። መልካም ነው፤ ይሂዱ። ግማሽ ቀን ግን ለፖሊ ያስቀሩ።

ይህ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ተቋቋመ። ያን ጊዜ ዲግሪ የሚባል ነገር አልነበረበትም። የሚያስተምረው የእርሻ መኪና፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የእንጨትና የኤሌክትሪክ ሥራ ነበር። ምርጫው እንዲያው በዘፈቀደ የተደረገ እንዳይመስልዎ። በዚያው ከተማ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበርና፣ መኪናው ሲቆም የሚያስነሣ ሰው ይፈለግ ነበር።

ዲግሪው የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊ፣ ከተሜው «ፔዳ» ከሚለው የመምህራን ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ በግቢው ከሲቪል እስከ ኮምፒውተር ምሕንድስና ይሰጣል፤ የጨርቃ ጨርቁም ክፍል አድጎ ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ዕድገቱ ደስ ያሰኛል። ሆኖም (ሽማግሌ አይበሉኝና) ሞረድ ጨብጦ የማያውቅ መሐንዲስ ያሳስበኛል። እርስዎም ወይም ታናሽ ወንድምዎ የትምህርት ክፍል ልትመርጡ ከሆነ፣ የዲግሪውን ስም ብቻ አይመልከቱ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት በወርክሾፕ እንደሚውሉ ተማሪዎቹን ይጠይቁ። ወደ ማታ ብዙዎቹ በጣና ዳር ይንሸራሸራሉና ለማግኘት አይቸገሩም።