ለሽኮኮ የተገዛ መድፍ

ሽኮኮ አዳኝ ነኝ ስል ሐበሻ ሁሉ ይስቅብኛል። አልፈርድበትም። በግ አርዶ ላደገ ሰው፣ ዛፍ ለዛፍ የምትሯሯጥ ጅራታም እንስሳ ለመግደል ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ 66 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ መንዳት የጤና አይመስልም። እኔን የሚያሳፍረኝ ግን አደኑ አይደለም፤ ጠመንጃውን የመረጥኩበት መንገድ ነው። እሱን ደግሞ እስካሁን ለማንም በቅጡ አላወራሁትም።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። አደኑን ያስለመዱኝ አብረውኝ መጋዘን ይሠሩ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ከግዛቱ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ የድንጋይ ከሰል ከሚወጣበት ተራራማ አገር የመጡ። በልቤ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው አያውቁም። ምሳዬን ስከፍት የወጡ ሽታ ሳያሸሻቸው አጠገቤ የሚቀመጡ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ስለ አያቴ ጠመንጃ ሳጫውታቸው ጊዜ «እንግዲያው የአዳኝነት ትምህርቱን ውሰድና ፈቃድህን አውጣ» አሉኝ። የሽኮኮ ወቅት እዚህ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። በእኛ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወይም ጳጉሜን ሲገባ፣ ሰው ለእንቁጣጣሽ ዶሮ በሚያማርጥበት ሰሞን መሆኑ ነው። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይቆያል፤ ለአንድ አዳኝ በቀን እስከ ስድስት ይፈቀዳል።

የአያቴ ጠመንጃ ውጅግራ ነበር። ፈረንሳዮች በራሳቸው አቆጣጠር በ1874 ያወጡት፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ወንድሞቹ ዓድዋ የዋሉ ጠመንጃ። ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርምና ለጥምቀት ይወርዳል፤ ይወለወላል፤ አያቴ ትከሻቸው ላይ ጣል ሲያደርጉት ቁመታቸው የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። እኛ ልጆች መንካት አይፈቀድልንም። ስለዚህ ለእኔ ጠመንጃ ማለት ጩኸቱ የማዶውን ተራራ መትቶ የሚመለስ፣ የያዘውን ሰው የሚያስከብር ነገር ነው። ይህንኑ በልቤ ይዤ ነው ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ የገባሁት።

ሽማግሌው አስቀድመው «ባለ 22 ግዛ፤ ሌላ አትስማ» ብለውኛል። ባለ 22 የሚሏት ጥይት ውፍረቷ 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እርሳሷ ሦስት ግራም አትሞላም፤ ከ1887 ጀምሮ አሜሪካዊ ልጅ ሁሉ መተኮስ የሚለማመደው በእሷ ነው። ሻጩ አንዲቷን አውጥቶ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ደነገጥኩ። አያቴ ቢያዩኝ ምን ይላሉ? ከጎኗ በ2002 የወጣችው ባለ 17 ተደርድራለች። እርሳሷ የባለ 22ን ግማሽ እንኳን አትመዝንም፤ ፍጥነቷ ግን በሰከንድ 2,550 ጫማ ነው፤ ከባለ 22 ከእጥፍ በላይ። ሻጩ ቁጥሩን ሲጠራ ልቤ ቀለጠ። መቶ ያርድ ድረስ ቀጥ ብላ እንደምትሄድ ነገረኝ። የነገረኝ ሁሉ እውነት ነበር። እሱ ያልጠየቀኝ፣ እኔም ራሴን ያልጠየቅሁት፣ ከስንት ያርድ እንደምተኩስ ነው። ባለ 17ቱን ገዛሁ፤ በዚያ ላይ ለአጋዘን ጠመንጃ የተሠራ፣ ክንዴን የሚያህል መነጽር አስገጠምኩበት። ለምን? ያምር ስለነበረ።

ማታውኑ ፎቶ አንስቼ ለቤተሰብ ላክሁ። አጎቴ ወዲያው ደወለ። «አንበሳ አለ እንዴ እዚያ?» አለኝ። «ለሽኮኮ ነው» ስለው ስልኩን ለሌሎቹ አቀበለ መሰለኝ፣ ሳቁ በረከተ። በመጨረሻ እማዬ ጋ ደረሰ። «ይበላል እንዴ?» አለችኝ። በእኛ ቤት ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማያመሰኳ እንደማይበላ የማውቅ መሆኔን ማረጋገጥ ፈልጋ ነው። «ኧረ እኔስ አልበላም እማዬ» አልኳት። «ታዲያ ለምን ትገድላታለህ?» አለች። «ለሽማግሌው ነው የምሰጣቸው፤ ባለቤታቸው ይሠሩታል» አልኩና ወሬ ቀየርኩ። ያን ጊዜ ከጥያቄዋ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የገደልኳት ሽኮኮ ሃያ ያርድ በማትሞላ ርቀት፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ የወደቀ ግንድ ላይ ቆማ ነበር። ትከሻዋ ላይ አነጣጠርኩና ተኮስኩ። ሄጄ ሳነሳት ከደረቷ በላይ ያለው ሥጋ የለም። ባለ 17 ቀላልና ፈጣን ስለሆነች ስትመታ ትበታተናለች፤ የነካችውን ሥጋ አብራ ትበትነዋለች። በእሷ ሽኮኮ የሚያድን ሰው ጭንቅላት ብቻ ነው የሚመታው። የሽኮኮ ጭንቅላት ደግሞ ዋናው ቦታዋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ እኔ እሱን መምታት ስለማልችል ነው ትከሻ የመረጥኩት። ሽማግሌው አገላብጠው አዩዋት። ምንም አላሉም። የኋላ እግሮቿን ብቻ ቆርጠው ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ።

የእማዬ ጥያቄ እዚያ ጫካ ውስጥ ተመልሶ መጣ። እኔ አልበላት፤ የሚበላው ሰው ደግሞ የሚበላው አላስቀረሁለት። የሽማግሌው ባለቤት ሽኮኮውን ገነጣጥለው ዱቄት ለውሰው ይጠብሱታል፤ ከዚያ በተጠበሰበት ስብ መረቅ ሠርተው ቀስ አድርገው ያበስሉታል። ለእሳቸው እራት ነው። ለእኔ ግን የፍጥነት ሙከራ ሆኖ ነበር።

በኋላ ሳነብ የባሰ አፈርኩ። የአእዋፍ ሠዓሊው ኦዱቦን በ1831 ባወጣው መጽሐፍ፣ ኬንታኪ ውስጥ ዳንኤል ቡን የተባለው ስመ ጥር አዳኝ ሽኮኮ ሲያድን አይቻለሁ ይላል። ቡን ሽኮኮዋን አይመታም፤ ከሆዷ ሥር ያለውን የዛፍ ቅርፊት ይመታል። ቅርፊቱ ሲፈነዳ በግፊቱ ብቻ ትሞታለች፤ ሥጋዋ ሳይነካ ትወድቃለች። ኦዱቦን ማጋነን ያውቅበታል ይባላል፤ ሆኖም ሰዎቹ በአፈሙዝ በሚጎረስ ጠመንጃ ሥጋ ለማትረፍ ይጨነቁ ነበር። እኔ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መነጽር ሥጋ አተን ነበር።

ሰው በዚህ ይማራል አይደል? እኔ አልተማርኩም። ጥፋቱን ጠመንጃው ላይ ደፈደፍኩና ሌላ ልገዛ ሄድኩ። አሁን ባለ 22 ገዛሁ፤ ግን ሽማግሌው እንዳላቸው በእጅ የሚቀባበለውን አይደለም። ራሱ የሚያቀባብለውን፣ ካዝናው አሥር ጥይት የሚጎርሰውን ነው። ከ1964 ጀምሮ አሜሪካ ሲወደው የኖረ፣ ስሙም ሩገር 10/22 የሚባል ግሩም ጠመንጃ ነው፤ ለብልህ ሰው። እኔ ያሰብኩት ግን «አንዱ ቢስት ዘጠኝ አለኝ» ብዬ ነው። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው የመጀመሪያውንም ይስታል። ቅጠል ስበጥስ፣ ቅርንጫፍ ስሰብር ዋልኩ።

መነጽሩንም አልጣልኩትም፤ ውድ ነው፣ እንዴት ይጣላል? የአጋዘን ጠመንጃ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው ለመቶ ያርድ ወይም ከዚያ በላይ ተስተካክሎ ነው፤ የባለ 22 መነጽር ግን ሃምሳ ያርድ አካባቢ። ሃያ ያርድ ላይ ያለች ሽኮኮ ሳይ፣ ዓይኔን ትንሽ ባዛነፍኩ ቁጥር የማነጣጠሪያው መስቀል ከግንባሯ ወደ ጆሮዋ፣ ከጆሮዋ ወደ ቅርፊቱ ይንሸራተትብኛል። ማጉያውንም እስከ ጥግ ስለማዞረው፣ መነጽሩ ውስጥ የሚታየኝ አንድ ትልቅ ቅጠል ነው። ይህን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ጥይቱ መጥፎ መሆኑን ብቻ ነበር።

ከዚያ ያቺ ጠዋት መጣች። አንዲት ሽኮኮ ከሂኮሪ ዛፍ ጫፍ፣ ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች። ጠመንጃዬን ሽቅብ አነሳሁ። ሽማግሌው ከጎኔ እጃቸውን አፈሙዙ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ወደ ታች ተጫኑት።

«ከኋላዋ ምን አለ?» አሉኝ።

«ሰማይ።»

«ጥይትህ ሰማይ ላይ አትቀርም» አሉ።

የባለ 22 ጥይት ማሸጊያ ላይ፣ እርሳሷ አንድ ማይል ተኩል ድረስ ልትሄድ እንደምትችል ተጽፏል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ከግማሽ ቢጠጋ ነው። የሕፃን መጫወቻ ያልኳት ጥይት። ከሸንተረሩ ማዶ የአንድ ቤት ጭስ ይታያል። እስከዚያች ጠዋት ድረስ ሽቅብ እየተኮስኩ የሳትኳቸው ሁሉ የት እንዳረፉ አሰብኩና ጉልበቴ ራደ። ማንንም አልመቱም፤ ቢመቱ እሰማ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማጽናኛው ግን ብዙም አላጽናናኝም። የዚያን ቀን ጥይቴን አራግፌ ከሽማግሌው ጎን ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ያኔ ነው እሳቸው የሚያደርጉትን ያየሁት። ጠመንጃቸው ሰደፉ ቀለሙን የለቀቀ፣ በእጅ የሚቀባበል፣ መነጽር የሌለው አሮጌ ባለ 22 ነው። ሂኮሪ ግንድ ተደግፈው ይቀመጣሉ። አይንቀሳቀሱም። እኔ አፍንጫዬን ስነካ፣ እግሬን ስዘረጋ፣ ስልኬን ሳይ፣ እሳቸው የሉም ማለት ይቻላል። ስንገባ የተደበቁት ሽኮኮዎች ከሃያ ደቂቃ ግድም በኋላ ይረሱናል። መጀመሪያ የሚሰማው የፍሬ ልጣጭ ነው፤ ሽኮኮዋ ላይ ሆና ሂኮሪውን ስትቆረጥም ስብርባሪው በቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ትወርዳለች። ሽማግሌው ግንዱ ከጭንቅላቷ ኋላ እስኪሆን ይጠብቃሉ፤ ካልሆነ ይተዋታል። ርቀቱ አሥራ አምስት ያርድ ነው፤ ቢበዛ ሃያ አምስት። አንድ ጊዜ ይተኩሳሉ።

ለካ እኔ ስለ ጥይት ዓይነት ስጨነቅ የኖርኩት መቀመጥ ስለማልችል ነበር። ሰባ ያርድ ላይ እያየኋት የምትሸሸኝ፣ እኔ ስለምንቀሳቀስ ነው። ያንን ርቀት በፍጥነትና በጥይት ብዛት ልገዛው ሞከርኩ። ሃያ ያርድ ላይ መቀመጥ ለሚችል ሰው፣ የ1887ቷ ጥይት እንዲያውም ትበዛበታለች።

አሁን ያለኝ ያገለገለ፣ በእጅ የሚቀባበል ባለ 22 ነው። ሌሎቹን ሸጥኳቸው፤ ስንት ከሰርክ አትበሉኝ። ቀላል መነጽር አለው፤ ማጉያውን አራት ላይ ትቼዋለሁ። ጥይቱን የመረጥኩት ወረቀት ላይ እየተኮስኩ ነው። እያንዳንዱ አፈሙዝ የራሱ አመል አለውና አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ሌላው ይተፋዋል፤ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ትንሽ ትንሽ ገዝቶ ሃያ አምስትና ሃምሳ ያርድ ላይ ማየት ነው። የእኔው የወደደው ርካሹን ሆነ። በሰከንድ 1,080 ጫማ ገደማ ስለሚሄድ ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው፤ አየር ሰንጥቆ አይጮህም፤ ስለዚህ አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹ ብዙም አይደነግጡም። የአያቴ ውጅግራ ጩኸት የሚባል ነገር የለውም። አሁንም ከአምስት ሽኮኮ ሁለቱን እተዋለሁ፤ ከኋላቸው ግንድ ስለማይኖር ወይም እጄ ስለሚንቀጠቀጥ። ስልኬንም አልፎ አልፎ አያለሁ።

ባለፈው የአጎቴ ልጅ ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ደወለልኝ። አዲስ መጥቶ ነው፤ እዚያ የሥራ ጓደኞቹ ሽኮኮ አደን ሊወስዱት ነው። «ወንድሜ፣ አንተ ታውቃለህ፤ ምን ዓይነት ልግዛ?» አለኝ። ደስ አለኝና አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁት፤ ስለ ርቀት፣ ከኋላ ስላለው ግንድ፣ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ጥይት ሙከራ። «ገባኝ፣ ገባኝ» እያለ አዳመጠኝ። ቅዳሜ ፎቶ ላከልኝ። ባለ 17 ነው። መነጽሩ ከእኔ የድሮው ይበልጣል። ሥሩ ላይ «እንዴት ነው?» ብሎ ጽፏል።

ቁጭ ብዬ አየሁት። እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራል። እንደዚያው ብዬ መለስኩለት።