ሞተሩን ማን አስነሳው?

ሚኔሶታ ስገባ ስለ ክረምቱ የተነገረኝን ወሬ በግማሽ ነበር ያመንኩት። ጃንዋሪ ሲመጣ ግን የነገሩኝ ሰዎች ራርተውልኝ እንደነበር ገባኝ። በዚሁ ስቴት፣ ታወር በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ በፌብሩዋሪ 1996 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ብርድ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በደህናውም ቀን ቢሆን የመኪናው ወንበር እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቃችኋል፤ መስታወቱንም ያረረ ድስት እንደሚፍቅ ሰው ስትፍቁት ታድራላችሁ።

መኪናውን አስነስቶ፣ ቁልፉን ሰክቶ ወደ ቤት መመለስማ ሌባን ‹‹ና፣ ሞቆልሃል›› ብሎ መጥራት ነው። ስለዚህ ያገሬው ሰው ሪሞት ስታርተር ያስገጥማል። ከመስኮት ሆኖ አዝራር ይጫናል፤ መኪናው ይነሳል፤ ማሞቂያው ይሠራል። ሌባ ቢገባ እንኳ ቁልፉን ሳይዝ ፍሬን ከረገጠ ሞተሩ ይጠፋበታል።

ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ልትወልድ በተቃረበችበት ክረምት እኔም ላስገጥም ተነሳሁ። ምርጫው ቀላል መስሎኝ ነበር። አንዱ ዓይነት ሪሞት ትእዛዝ ልኮ ዝም ይላል፤ ሌላው ‹‹ተነስቷል›› ብሎ መልስ ያመጣል። የብዙ መኪና ቁልፍ ውስጥ ቺፕ ስላለ፣ መኪናው ቁልፉ አጠገቡ እንዳለ አድርጎ እንዲያምን የሚያታልለው ተጨማሪ ዕቃ ያስፈልጋል። ኮፈኑ ተከፍቶ ሰው እጁን ከትቶ ሳለ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል ማብሪያም አለ፤ ‹‹እሱ ይቅርብህ›› የሚል ገጣሚ ካጋጠማችሁ ውልቅ ብላችሁ ውጡ። መኪናችሁ ማንዋል ከሆነ ደግሞ ሁለቴ አስቡ። ማርሽ እንደገባ የቆመ መኪና በአዝራር ሲነሳ ዘሎ የጎረቤት አጥር ሊሳለም ይችላል።

የገጠመልኝ ሰው ይህን ሁሉ አስረድቶኝ ሲያበቃ፣ ‹‹ጋራዥህ ከቤትህ ጋር የተያያዘ ነው?›› አለኝ። (እዚህ ጋራዥ የሚሉት መካኒክ ቤት ሳይሆን የመኪናውን መኝታ ቤት ነው።) ‹‹አዎ›› አልኩት። ‹‹በፍጹም እዚያ ውስጥ እንዳታስነሳው›› አለኝ። በሚገባ ሰማሁት። ቤት ላሉት ግን አልነገርኩም።

እናቴ አራስ ልትጠብቅ ከአዲስ አበባ መጣች። ከገንፎ እህሉና ከበርበሬው ጋር ቡናዋንም ይዛ ነው የመጣችው። በሦስተኛው ቀን ቡና ስትቆላ ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ያለው ማንቂያ አካባቢውን ቀወጠው፤ ሕፃኑም አብሮ ጮኸ። የዚህ አገር ሀበሻ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ ባትሪውን ነቀልኩት። ያ ዕቃ ጭስ ብቻ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድም የሚለካ፣ በስቴቱ ሕግም መኝታ ክፍል አጠገብ የግድ መኖር ያለበት መሆኑን አውቅ ነበር። ‹‹ቡናው ሲያልቅ እመልሰዋለሁ›› አልኩ። የእማዬ ቡና መቼ ያልቃል!

ሪሞቱን አሳየኋት። ደጅ የቆመው መኪና ሲነሳ በመስኮት አይታ፣ ‹‹እሰይ! ሰው ሳይነካው!›› አለች።

ለሥራ የምወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። አንድ ቀን እማዬ ቀድማኝ ተነሳች፤ ልጄን ብርድ አይንካብኝ ብላ አዝራሩን ተጫነች። ማታ በረዶ ይጥላል ስለተባለ መኪናውን ጋራዥ አስገብቼው ነበር። መሣሪያው ከ15 ደቂቃ በኋላ ሞተሩን ራሱ ያጠፋል። እሷ ግን ድምፁ ሲቆምባት ‹‹ጠፋበት›› ብላ ደገመችው።

እኔን የቀሰቀሰኝ ብርዱ ነው። የቤቱ መስኮት ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ እናቴ አራስ ቤት በር ገርበብ ካለ ‹‹ብርድ ገባ!›› ብላ የምትቆጣ ሴት ናት።

‹‹እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ልጁን በብርድ ልትገድይው ነው?››

‹‹ተነስ! ራሴን ፈለጠኝ፤ ይሄ የከሰል ራስ ምታት ነው። የት ነው ከሰሉ? ሚስትህን ቀስቅስ!››

ከሰል የለንም ልላት አፌን ስከፍት ከታች የሞተር ድምፅ ሰማሁ።

ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወጣን፤ 911 ደወልን። የእሳት አደጋ ሰዎች ሞተሩን አጥፍተው ቤቱን ክፍል በክፍል በመሣሪያ ለኩ። እኛም ሐኪም ቤት ሄደን ተመረመርን፤ ተረፍን። ከሰዎቹ አንዱ ቀና ብሎ ባትሪ የሌለውን ማንቂያ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰሉም ማርሚታውም የሚተፉት መርዝ አንድ ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በሪሞት ብቻ የሚመጣ ነገርም አይደለም። ኒውዮርክ ታይምስ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ያለ ቁልፍ በአዝራር የሚነሱ መኪኖች ጋራዥ ውስጥ ሳይጠፉ ተረስተው፣ ከ2006 ወዲህ ከሁለት ደርዘን በላይ ሰዎች መሞታቸውን ጽፏል። ድሮ ሞተር ያስነሳ ሰው ቢያንስ አጠገቡ ነበር። ዛሬ እሳቱን የሚለኩሰው ሌላ ክፍል ውስጥ ቡናውን እየጠጣ ነው።

እማዬ ከሰል ደጅ አቀጣጥላ፣ ፍም ሲሆን አስገብታ፣ ያኔም መስኮት ከፍታ የኖረች ሴት ናት። ጎረቤቶቿ ከሰል አስገብተው ተኝተው ሳይነሱ የቀሩበትን ጠዋት አትረሳውም። ያን ቀን ግን ሐኪም ቤት ቁጭ ብላ፣ ‹‹በገዛ እጄ ልጨርሳችሁ ነበር›› እያለች ስታለቅስ ዋለች። ‹‹አንቺ አይደለሽም እማዬ፣ ተነግሮኝ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ፤ ባትሪውንም የነቀልኩት እኔ ነኝ›› ብላት ልትሰማኝ አልቻለችም።

አሁን አገሯ ገብታለች። መኪናው ደጅ ያድራል፤ ቡናም ሲቆላ መስኮት ተከፍቶ ነው። እሁድ እሁድ ስትደውል የልጆቹን ደህንነት ጠይቃ ስታበቃ፣ ‹‹ያቺ የምትጮኸው ነገር ባትሪዋ አለ?›› ትለኛለች።

‹‹አለ እማዬ።››

‹‹ተነስተህ እያት።››

እነሳለሁ።